ያዋስኩት ልጅ

በእኛ አገር ሰው ስሙ ሲጠራ ዞሮ ወደ ኋላው ያያል። የተጠራው ከኋላው ያለ ሌላ ሰው እንዲሆንለት ነው። ከኋላው ያለውም እንደዚያው ወደ ራሱ ኋላ ያያል። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት «ደርሶ!» ብላ ባሏን ብትጣራ ገበያተኛው በተራ በተራ አንገቱን አዞረ፤ መጨረሻ ላይ የቆሙት ግድግዳ ሲያዩ ተገኙ። ባልየው ከነሱ መሃል ነበር።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሕጉ ነው። «አቤት ያለ ጉዳዩን ተረከበ» ይላል የአገራችን ሕግ። ጎረቤትህ «ቤቴ ተቃጠለ!» ብሎ ሲጠራህ «አቤት» ካልከው የሚቃጠለው ቤት ያንተ ሆነ። አጥፋው፤ ከዚያም መልሰህ ሥራው። እንግዲህ ማን ደፍሮ ይናገረው? ቃሉ ከሰው አፍ ጠፋ። ልጆች እናታቸው ስትጠራቸው የሚመልሱት በሳል ነበር፤ ሳል በሕግ አያስጠይቅም። ባልና ሚስትም እንዲሁ። አንዲት ሴት ትዳሯን አወቀችው የምትባለው የባሏን ሳል ከጎረቤት ሳል ስትለይ ነው።

ለጉዳይ ሁሉ የተሠራ አንድ ቤት ነበረን፤ የመስሚያ ቤት ይባላል። ከኛ መንደር ሲኬድ መንገድ ላይ ያሳድራል። የበላዩ ታላቁ ጆሮ ነበር። ታላቁ ጆሮ በእርጅና መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ነገር ግን የተሾመው ጆሮ እንዲሆን ነው እንጂ እንዲሰማ አይደለም ተብሎ ከወንበሩ አልተነሣም። ከሱ በታች ሁለት ልጆቹ ነበሩ፤ ቀኝ ጆሮና ግራ ጆሮ። የነሱ ሥራ የባለጉዳዩን ስንቅ መቅመስ ነው። ስንቁ ካልጣማቸው «ጉዳይህ ገና አልበሰለም» ብለው ይመልሱታል። ከጣማቸው እስኪያልቅ ያስቀምጡታል። ስንቁ ሲያልቅ ጉዳዩም አለቀ ይባላል፤ ሰውየው አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ልጅ አልነበረኝም። ጎረቤቴ ጥሩሰው ግን ቤቷ ሞልቶ ደጅ ፈሶ ነበር። ምሳ ደርሶ ልጆቿን ስትጣራ ሳሉ ከየጓሮው፣ ከየዛፉ ሥር ይመጣል፤ ወረርሽኝ የገባ ይመስላል። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ያንን ሳል እሰማለሁ። አንዱ እንኳ የኔ በሆነ እል ነበር።

ባሌ ገረመው ደግ ሰው ነው። «ምነው፣ እኔ አልበቃሽም?» ይለኛል።

«ትበቃኛለህ።»

«ታዲያ?»

«አንተን ማዘል አልችልማ፣ ገረመው።»

ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።

አንድ ዓመት እህል ከገባ በኋላ ወደ መስሚያው ቤት ሄድኩ። ደንቡ ግድግዳው ሥር ቆሞ መጮህ ነው። እኔ ግን ድምፅ እምቢ አለኝ፤ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሩን የሚጠብቀው ሹም፣ የበር ጆሮ የሚሉት፣ መጥቶ አፌን አሸተተኝ።

«በጠራራ ፀሐይ ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣሁም፣ ጌታዬ። ጉዳዬን እየተናገርኩ ነው።»

«ድምፁስ?»

ደረቴን በእጄ አሳየሁት። «እዚህ ነው ያለው።»

አየኝ፣ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ለዚያ ሹም አልተሾመለትም» ብሎኝ ሄደ።

እኔም ነገሬን ወደ ፈጣሪ አዞርኩ። ልጅ ብትሰጠኝ፣ አልኩ፣ ሰው የሚሰማ ሰው እንዲሆን ለዚህ ቤት... እዚህ ላይ «እሰጠዋለሁ» ልል ነበር። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። «አውሰዋለሁ» አልኩ። ሰው ወንፊቱንም ሙቀጫውንም ሲያውስ ይመለስልኛል ብሎ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ወለድኩ። ስሙን ሰማኸኝ አልኩት።

አፉን በፈታ ጊዜ፣ የድሮ ሰዎች ይሉት ነበር ሲባል የሰማሁትን ያንን የጠፋ ቃል አስተማርኩት። በር ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦

«ሰማኸኝ!»

«አቤት፣ እማዬ!»

የምጠራው ለምንም አይደለም። ሮጦ ሲመጣ ጉንጩን ስሜ እሰደዋለሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ እጠራዋለሁ። ገረመው ይህን ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል።

«ልጁን ዕዳ እያስተማርሽው እኮ ነው! ነገ ደጅ ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው አቤት ቢል የአገር ቤት ሁሉ እሱ ላይ ይቃጠላል።»

«የምጠራው እኔ ነኝ። የኔ ጉዳይ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ምኑን ይረከባል?»

ገረመውን ሳል ያዘው።

ጡት ሲተው ቃሌን ልሞላ ይዤው ሄድኩ። የበር ጆሮ ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየን።

«ምን አመጣሽ?»

«ልጄን ላውስ።»

«ልጅ አይዋስም። የሚዋሰው በሬ ነው።»

«ተስዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ገብቶ ሹሞቹን ጠየቀ። ቢፈልጉ፣ ቢያገላብጡ ስለ ልጅ ውሰት የወጣ ሕግ ጠፋ። ባለጉዳይን ስንቁ ሳይቀመስ ባዶ እጁን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በበሬው ሕግ ተቀበሉት። ጥርሱን አዩ። ጀርባውን ዳሰሱ። ሰኮናውን አሳዪ አሉኝ፤ ጫማውን አውልቄ አሳየሁ።

ሕጉን የበር ጆሮ በቃሉ ነገረኝ። ባለቤቱ በዓመት አንዴ መጥቶ ያዋሰውን በሬ ማየት፣ ጥርሱንም መመርመር ይችላል። መጥራት ግን ክልክል ነው፤ በሬ የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ከሄደ ሞፈሩ መሬት ላይ ይቀራልና። ጌታው ጠርቶት የሄደ፣ ወይም ሌላ ጉድለት የተገኘበት በሬ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ያረሰው ሁሉ ግን እንዳልታረሰ ይቆጠራል። እንከን የሌለው በሬ ተዋሹ እስኪበቃው ድረስ እዚያው ይቆያል።

«ተዋሹ መቼ ይበቃዋል?» አልኩ።

«ተዋሹ አገር ነው» አለኝ። «አገር በቃኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እንግዲህ ማዋስ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ልጄ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ «መቼ ትመጪያለሽ?» አለኝ። «እህል ሲገባ» አልኩት። «እህል መቼ ይገባል?» አለ። እሱን ሳልመልስለት ወጣሁ።

አጥሩን ሳላልፍ ከውስጥ የታላቁ ጆሮ ድምፅ ተሰማ። «ውሃ!» ይላል። ውሃ ይላል፣ የሚመልስለት የለም። ሹሞቹ ሁሉ ወደ ኋላቸው እያዩ ነው። ታላቁ ጆሮ ያን ውሃ መጠየቅ ከጀመረ ሰንብቷል አሉ። ከዚያ ቀጭኗን ድምፅ ሰማሁ።

«አቤት!»

ቀጥሎ ቀኝ ጆሮ እልል ሊል ትንሽ ሲቀረው ሰማሁት። «ተረከበ! ሰማችሁ? ተረከበ!» ግራ ጆሮም «እንግዲያው የጣሪያው ማፍሰስ፣ የአጥሩ መውደቅ፣ የግድቡ ነገር፣ ሁሉም የሱ ይሁን» አለ። ልጄ ገና ቅሉን አንሥቶ ውሃ እየቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመኔን በእህል መግቢያ ነው የማስታውሰው። በየዓመቱ እጀ ጠባብ እሰፋለታለሁ። ቁመቱን የማውቀው በግምት ነው፤ ከሱ ጋር በአንድ ሰሞን የተወለደውን የጥሩሰውን ልጅ አቁሜ በእሱ እለካለሁ።

«የኔ ልጅ እኮ እንደ ዱባ ነው ወደ ጎን የሚያድገው» ትለኛለች ጥሩሰው እየሳቀች። «ያንቺ ምን እየበላ እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

በምን አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነው። ማን ያለብሰዋል? እግሩን እሾህ ቢወጋው ለማን ያሳያል? አቤት ባይ ነውና ለራሱ ማንን ይጠራል?

የመጀመሪያውን ዓመት የበር ጆሮ ልብሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘው። «ለውሰት በሬ የሚፈቀደው ገመድ ነው።»

«ገመድ ነው፣ ጌታዬ። ሰፍቼው ነው እንጂ።»

ደንብ አዋቂ ሰው ነበር፤ ፈትል መሆኑን አይቶ አሳለፈው። ልጄ እዚያው ለበሰውና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። በሌላው ዓመት አስረዝሜ ብሰፋ ጣቶቹ ጠፉ። መጥራት ስለማልችል አይመልስልኝም፤ ስላልጠራሁት አይናገርም። እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል፣ እኔ እጅጌውን አየዋለሁ፤ ጨዋታችን ይኸው ነው። ከዚያ «ጥርሱን ልይ» እላለሁ። ሕጉ ፈቅዶልኛልና አገጩን በመዳፌ እይዛለሁ። ቀስ ብዬ ጥርሱን እቆጥራለሁ። እሳሳታለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። የበር ጆሮ «ይህች ሴትዮ መቁጠር አታውቅም እንዴ?» ይላል። እኔ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ።

ታላቁ ጆሮ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞተ። እንደሞተ ቶሎ አልታወቀም፤ ባለጉዳዩ እየገባ እየጮኸለት ሲወጣ ሰነበተ። «ዛሬስ በደንብ ሰሙኝ» ያለም ነበር። ሲታወቅ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ ተባለ፤ ሹሞቹ ወደ ኋላቸው አዩ። ልጄ ብቻ ወደ ፊቱ ያይ ነበርና እሱን አስቀመጡት። ታላቁ ጆሮ መባልን አልፈለገም። ሰዉ ሰሚው ይለው ጀመር። ቀኝ ጆሮና ግራ ጆሮም፣ ስንቅ ይዞ መምጣት አስፈላጊ አይደለም ስለተባለ፣ ደመወዛችን ተቋረጠ ብለው ጥለው ሄዱ።

ሰሚው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ሁሉም ያወራል፤ እናቱ ብሆንም እኔም የማውቀው ከሌላው ሰው አፍ ነው። ለጠራው ሁሉ አቤት ይላል። ለአበደው አቤት ይላል። በቅሎ ላይ ሆኖ ለሚጠራው ጌታና ለእግረኛው እኩል ነው የሚመልሰው፤ ጌቶቹ የሚቀየሙት በዚህ ነበር። ሲሰማ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። አይስቅም ይላሉ። አንድ ባለጸጋ ክስ ሲኖርበት የሰባ በግ አስቀድሞ ላከለት። ልጄ በጉን ፊቱ አቁሞ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠው። በጉ ባ! አለ። «ሰማሁት» አለ ልጄ። «ወደ ቤቴ መልሱኝ ይላል።» በጉ ከነገመዱ ተመለሰ።

በየአውራጃው እየዞረም ይሰማ ነበር። ማንጠግቦሽ የምትባል ባል የሞተባት ሴት የጉድጓድ ውሃዋን ጉልበተኛ ቀምቷት ግድግዳ ለግድግዳ ስትጮህ ኖራለች። ልጄ አቤት አላት። ጉዳዩን ሲረከብ እንደ ሕጉ ጥማቱንም ተረከበ፤ ውሃዋ እስኪመለስ ድረስ ከሷ ጋር ወንዝ ወርዶ ይቀዳ ነበር አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀርባው ጎበጠ፣ ጠጉሩም በጎልማሳነቱ ነጣ።

የአገር ሰሚ ከሆነ በኋላ ግን ጥርሱን ማየት ለክብሩ አይመጥንም ተባለና ተከለከልኩ። እጀ ጠባቡንም የሚቀበለኝ ሌላ ሰው ሆነ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ በባለጉዳዩ ትከሻ መሃል ለመሃል አየዋለሁ። ሌላው ሁሉ እየገባ ይጠራዋል፣ ይመልስለታል። ከዚያ ሁሉ ሰው የማይጠራው ያዋሰው ብቻ ነው። ላልፍ ብፈልግም የበር ጆሮ ፊቴን ያውቀዋል። «የበሬው ጌታ፣ እዚያው ሆነሽ እዪ» ይለኛል።

ገረመው የሞተ ዓመት ግን አልቻልኩም። እህል መግቢያውን ሳልጠብቅ፣ ጥሩሰውን አስከትዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ልጄ ግቢው ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ጉዳይ እየሰማ ነበር። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጠራሁት።

«ሰማኸኝ! አባትህ!»

አንገቱ እንደ ዘነበለ ቀረ። አልዞረም። ቢመልስልኝ የማንጠግቦሽ ውሃ ሄደ፤ የሰማው ሁሉ እንዳልተሰማ ሆነ፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌው ነገሩን ቀጠለ፤ ልጄም ይሰማዋል። ዕንባው ግን በዘነበለው በኩል ይወርድ ነበር።

«አልሰማሽም ይሆናል» አለችኝ ጥሩሰው ስንመለስ።

«ሰምቶኛል» አልኳት።

ነገሩ ወደ ሌላ የዞረው ሰዉ ስለደከመው ነው። ሰሚው ጉዳይ ከሰማ በኋላ በዳዩን ይጠራዋል፤ በዳዩም አቤት ብሎ መምጣት አለበት። እንዲህ እያለ ቃሉ ተመልሶ ገበያ ውስጥ መሰማት ጀመረ። ልጆች አቤት ይሉ ጀመር። ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሰው ጉዳይ ተሸክሞ ነው። የአገሩ ታላላቆች ተሰብስበው ሄዱ፤ ጥሩሰው ወንድሟ አብሮ ስለነበር የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ።

«እርስዎ ደግ ነዎት» አሉት። «አቤት ማለቱ ግን ሰለቸን። ጎረቤት አገሮች ጠሪ አላቸው። ጠሪው ይጠራል፣ ሰዉ ይሄዳል፤ አለቀ። ማሰብ የለ፣ መረከብ የለ። እኛም ጠሪ ይሁንልን።»

«ጠሪ መጥራቱን አያቆምም» አለ ልጄ። «ወንዶች ልጆቻችሁን ይጠራል፤ ከሠረገላው ፊት ይሮጡለታል። ሴቶች ልጆቻችሁን ይጠራል፤ ይጋግሩለታል። በሬያችሁን ይጠራል፣ በጎተራ ያለውንም ይጠራል። በዚያ ጊዜ እናንተ ብትጠሩ የሚመልስላችሁ የለም።»

ተመካከሩ። «ያም ቢሆን» አሉ፣ «ድምፁ ወፍራም ይሁን እንጂ።»

ከዚያ ቁመት ለኪዎች ተሾሙ። ከረጅም ሰው አፍ የወጣ ጥሪ ሩቅ ይደርሳል በሚል፣ ረጅም ሸምበቆ ይዘው መንደር ለመንደር እየዞሩ ወንዱን ሁሉ ለኩ። ከሰው ሁሉ በራስ የሚበልጥ አንድ ጎረምሳ ተገኘ። ዓይን አፋር ስለነበር ከሁለት አህያ ጭነት ኋላ ተደብቆ ነበር፤ ራሱና ትከሻው ግን ከጭነቱ በላይ ስለታየ ብዙ አላስቸገረም። ምን እንደሚጠራ ሲጠየቅ «የፈለጋችሁትን» አለ። እልል ተባለ።

የሰሚውን መሰናበት ለማየት አገሩ መስክ ላይ ተሰበሰበ። እኔም ከጥሩሰው ጋር ሄድኩ። ከጎኔ ማንጠግቦሽ ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ ቆማለች፤ ስሟ ሲጠራ ሰምቼ አወቅኋት፣ እሷ ግን ማን እንደሆንኩ አታውቅም። የበር ጆሮ አልነበረም፤ ሥርዓቱን የያዙት ለኪዎቹ ናቸው።

ለኪዎቹ አንድ ችግር ነበረባቸው። እንከን የሌለው በሬ አይመለስም ይላል ሕጉ። ልጄ እንከን ካልተገኘበት የመስሚያ ቤቱ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውም እየሄደ ይጠራዋል፤ ጠሪ ባለበት አገር ደግሞ ሰሚ መኖሩ አይመችም። እንከን ቢገኝበት ግን የሰማው ሁሉ እንዳልተሰማ ተቆጥሮ፣ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ተመልሶ ነገሩ ይዘጋል።

ልጄ መሃል ቆመ። ባለፈው ዓመት የሰፋሁለት እጀ ጠባብ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ከስቷል።

«ከልጅነቴ ጀምሮ በፊታችሁ ነኝ» አለ። «ጠርቶኝ ዝም ያልኩት ሰው ካለ ዛሬ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። አንደኛው ለኪ ሸምበቆውን ይዞ በሕዝቡ መሃል እንደ ገበያ ደላላ ይዞር ጀመር። «አንድ ሰው ይበቃል! አንድ ሰው! ጠርቶት ያልመለሰለት! አንድ ሰው የለም?»

ጥሩሰው በክርኗ ጎሰመችኝ። «አንቺ አለሽ እኮ።»

«ዝም በይ።»

«ገረመው የሞተ ጊዜ አጠገብሽ አልነበርኩም? ዞሮ አይቶሻል? ተናገሪ እንጂ! ልጅሽ እኮ ዛሬውኑ አብሮሽ ይገባል። ጠጉሩ እንደ ጥጥ ሆኗል፣ እስከ መቼ ነው? አፍሽን ብቻ ክፈቺ።»

እውነት ነበር የምትናገረው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እውነተኛ ክስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከአገሩ ሰው ሁሉ ጠርቶት ዝም የተባለ እኔ ነኝ። ቤቴ ታየኝ። መደቡ ላይ ተኝቶ ታየኝ፤ ሳልቸኩል ቀና ብዬ ሳየው። እጄ ሳላዘው ተነሣ።

«ውይ እህቴን፣ ፊትሽ ገረጣ» አለች ማንጠግቦሽ። ቅሉን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። «ጠጪ፣ ቀዝቃዛ ነው። ከራሴ ጉድጓድ ነው።»

ጎነጨሁ። ለኪው ሸምበቆውን እያወዛወዘ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ! እጅሽ ሲነሣ አይቻለሁ። ጠርተሽው ዝም ብሎሻል?»

ውሃው አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት።

«አላለኝም» አልኩ።

«ታዲያ እጅሽ?»

«ዝንብ ነው።»

«ከየት ነሽ? የማን ነሽ?»

ጥሩሰው አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኳት።

«የማንም አይደለሁም» አልኩት። «መንገደኛ ነኝ።»

ለኪው ተናደደ፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ ወደሱ እያየ ነው። ሸምበቆውን መሬት ላይ ተከለ። «እንግዲያው ለመጨረሻ ጊዜ ይፈተን!» ብሎ ጮኸ። «የሚያውቀው ሰው ቢጠራው አድልዎ ይባላል። ይህች መንገደኛ ትጥራው። ዘመድ የላት፣ ወገን የላት። ካልመለሰላት እንከን ነው፤ ከመለሰላት ደግሞ በዚህ ይዘጋ። ነይ፣ ውጪ!»

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ። ወደ መሃል ወጣሁ። በመሃላችን አጥር አልነበረም። እንዲህ ቀርቤው የማውቀው ጥርሱን ስቆጥር በነበረ ጊዜ ነው። አንገቱን እንደ ልማዱ ወደ ግራ አዘንብሎ መሬት መሬት ያያል፤ ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም።

«ጥሪው እንጂ!» አለ ለኪው።

ሌላው ሰው ሰሚው ብሎ ነው የሚጠራው። እኔ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። ድምፄ ደረቴ ውስጥ ቀርቶ ከንፈሬ ብቻ ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ መሳቅ ተጀመረ። ከዚያ ወጣልኝ።

«ሰማኸኝ?» አልኩ።

ሳቁ ባሰ። «ገና ምን ተናገረችና ነው ሰማኸኝ የምትለው!» አለ አንዱ። ስሙን መጥራቴ ጥያቄ መስሏቸው ነው።

ልጄ የዘነበለ አንገቱን አቀና። አየኝ።

«አቤት» አለ። «አቤት፣ እናቴ።»

በአገራችን አሮጊት መንገደኛን እናቴ ማለት ወግ ነው፤ ለማንም አልደነቀውም። ለኪው ሸምበቆውን ነቅሎ ረጅሙ ጎረምሳ ወዳለበት ለመሄድ ቸኩሏል።

«በይ መለሰልሽ፣ ጉዳይሽን ተናገሪና እንዝጋው» አለኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኩት።